የማንያህልሻል ተራ

ማንያህልሻል ክንዷን ልታስዘጋ ክሊኒክ የሄደች ዕለት የሚዘጋ ነገር ጠፋ።

የካቲት ሁለት ሺህ ሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። ደብረ ብርሃን ከብርድ ልብስ ፋብሪካው አጥር ሥር ያለችው ክሊኒክ ገና በሯን መክፈቷ ነበር። ማንያህልሻል፣ ሰው ሁሉ ማኔ የሚላት፣ የዚያው ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ አርባ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆኗታል፤ ልጅ የላትም። ለመውለድ የደረሳት የአሥራ ስምንት ወር ተራ ያን ዕለት ያበቃል፤ ተራዋ ያለቀባት ሴት ደግሞ ክንዷን ማስዘጋት አለባት። የዕቁቧ ዳኛ እትዬ ደብሪቱ "አንቺ ምን አለፋሽ፣ እኔ አስዘጋልሻለሁ" ብለዋት ነበር። ማኔ ግን ስድሳ ዓመት ያለፋቸውን ሴትዮ በዚያ ብርድ ማንከራተቱ ከበዳትና በዕረፍት ቀኗ ራሷ ሄደች። ደግ ማሰቧ ነው እንግዲህ።

ሲስተር ቤተል የምትባለው ወጣት ነርስ ማንበቢያውን ክንዷ ላይ አሳለፈች። ቆም አለች። ደግማ አሳለፈች።

"ምኑን ነው የምዘጋልዎት?" አለች።

"ክንዴን ነዋ።"

"ክንድዎ ዝግ ነው።"

ማኔ እትዬ ደብሪቱ ቀድመዋት ያስዘጉላት መሰላት፤ የሴትዮዋ ትጋት አሳፈራት። ዛሬ ማለዳ ነው ወይ የተዘጋው ብላ ጠየቀች።

"ተከፍቶ አያውቅም" አለች ነርሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ከተቀበረ ጀምሮ አንድም ቀን አልተከፈተም።"

ከክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን፣ ክብሪት እንጨት የሚያህለውን ነገር ሴቶቹ ዘበኛ ይሉታል። ፋብሪካው ውስጥ የሚሠሩ ሴቶች ሁሉ አላቸው። ጠዋት በር ላይ ክንዳቸውን ያሳያሉ፤ አረንጓዴ መብራት ይበራል፤ ይገባሉ። መብራቱ ለእነሱ የሚነግራቸው ይህንኑ ነው፤ የቀረውን የሚያነቡት ፎቅ ላይ ያሉት ናቸው። ፎቅ ላይ ያሉት አንብበው ሲጨርሱ፣ ዛሬ ማን ከማበጠሪያ ማሽኑ ተነሥታ ቁጭ ብላ እንደምትጠቀልል፣ ምሳ ላይ ለማን ምስር እንደሚጨመር፣ የማን ማሽን ቀስ እንደሚል ይወስናሉ። ክፉ ነው የሚል ሰው የለም። የወር አበባ ቁርጠት የሚባለውን ማኔ የምታውቀው ከአክስቶቿ ወሬ ብቻ ነው። በልጅነቷ፣ ሆዳቸውን ይዘው መሬት ላይ ይንከባለሉ እንደነበር ሲያወሩ የሚያስፈራሯት ይመስላት ነበር።

ፋብሪካው የማይፈቅደው አንድ ነገር አለ። በአንድ መስመር ስድስት ሴቶች ይሠራሉ፤ ከስድስቱ በአንድ ጊዜ ማርገዝ የምትችለው አንዲት ናት። ማን መቼ የሚለውን ግን ለሴቶቹ ተወላቸው። ሴቶቹም የሚያውቁትን አደረጉ፤ ዕቁብ አቋቋሙ። ከስድስቱ ውጭ ዳኛ ተመረጠ፤ ስም በወረቀት ተጠቅልሎ ቆብ ውስጥ ገባ፤ ዕጣ የወጣላት ሴት ለአሥራ ስምንት ወር ክንዷ ይከፈታል። ዙሩ ዘጠኝ ዓመት ይፈጃል። የባሰ የቸገራት ሴት እንደማንኛውም ዕቁብ ባለዕጣዋን ለምና ተራ መለወጥ ትችላለች፤ ባለዕጣዋ ግን በአፏ "ይሁን" ማለት አለባት። ማኔ ገዛኸኝን አግብታ ዕቁቡ ውስጥ የገባችው በሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። አራት ጊዜ የሌሎች ስም ወጣ፤ አራት ጊዜ እልል አለች። በአምስተኛው የእሷ ወጣ። አርባ ዓመት ሞልቷት ነበር።

ክሊኒኩ የሚከፈተውም የሚዘጋውም ከፈረቃው ጋር ስለሆነ ሴቶቹ ለዳኛዋ ውክልና ይሰጣሉ። አንዴ ጣታቸውን ያሳርፋሉ፤ ከዚያ ወዲያ የስድስቱን ክንድ ጉዳይ ይዘው የሚመላለሱት ዳኛዋ ናቸው። ዘበኛው የሚከፈተው ከሩቅ ነው፤ የተከፈተላት ሴት የሚሰማት ነገር የለም። እትዬ ደብሪቱ ተመልሰው "ተከፍተሻል፣ እንኳን ደስ ያለሽ" ካሉ ተከፍታለች ማለት ነው። ማኔም አቅፈው ሲስሟት አብራቸው አለቀሰች። ያን ሐሙስ እስክትሄድ ድረስ የክሊኒኩን መስኮት ቀርባ አይታው አታውቅም ነበር።

አሁን ከቦርሳዋ ትንሽ ደብተር አወጣች። "ካልተከፈተ ይኼ ምንድን ነው?" አለች። ተራዋ ከደረሳት ጀምሮ ደም ያየችበትን ቀን ሁሉ ጽፋለች። ቢቀር ብላ በጉጉት ስትጠብቅ፣ ሲመጣ እያለቀሰች የጻፈችው ነው። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ፤ ሁሉም ማክሰኞ፤ ሁሉም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት። ደብተሩን ለእትዬ ደብሪቱ አሳይታቸው፣ እንዲህ ሰዓቱን የማያዛንፍ ገላማ ጤነኛ ነው፣ እግዜር ጊዜውን እየጠበቀ ነው ብለዋት ነበር።

ሲስተር ቤተል ገጾቹን ቀስ ብላ ገለጠች። "ይኼ የዘበኛው ደም ነው" አለች። "የሰው ገላ እንዲህ አይቆጥርም። ሁለት ቀን ይቀድማል፣ አራት ቀን ይዘገያል።"

ዘበኛው መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ደም ጨርሶ አያሳይም ነበር። የዚያን ዘመን ሴቶች ደማችን የት ገባ፣ ውስጣችን ተጠራቅሞ ሊገድለን ነው ብለው አናስቀብርም አሉ። ሠሪዎቹም ነገሩን አይተው በየአራት ሳምንቱ ሁለት ቀን ደም እንዲያሳይ አደረጉት፤ ሴቶቹ ደስ ብሏቸው ክንዳቸውን ሰጡ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ደሙ ከየት እንደሚመጣ የሚያስታውስ ጠፋ። ነርሷ ይህን ስትነግራት ማኔ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች አዳመጠች። ከነገሩ ሁሉ የገባት አንድ ነገር ብቻ ነበር። መካን አይደለችም። መካን ትሁን አትሁን የሚሞከርበት ጊዜ እንኳ አልተሰጣትም።

ሲስተር ቤተል የማይፈቀደውን አደረገች፤ ስክሪኑን ወደ ማኔ አዞረችው። ተራው በባለተራዋ ፈቃድ፣ በተወካይ በኩል፣ ስፌት ክፍል ለምትሠራ ረድኤት ለምትባል ሴት ተላልፏል ይላል። ቀኑ ማኔ የአባቷን አርባ ልታወጣ መንዝ የሄደችበት ሳምንት ነው።

ረድኤት የእትዬ ደብሪቱ ልጅ ናት። ስታረግዝ ማኔ የስፌት ክፍል ተራ ደርሷት ነው ብላ እልል ብላለች። ሴት ልጅ ስትወልድ፣ ማኔ ክርስትና እናት ካልሆነችኝ ብላ የለመነችው ራሷ ረድኤት ናት። ሕፃኗን በሰማንያ ቀኗ አቅፋ ቤተ ክርስቲያን የገባችው ማኔ ናት። ሕፃኗ አሁን ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ ስታያት እጇን ትዘረጋላታለች።

ምን ይሻላል ብላ ጠየቀች ማኔ። ነርሷ ልትዋሻት አልፈለገችም። ለፋብሪካው አቤት ቢባል ሲያንስ ዓመት ይፈጃል፤ አርባ ሁለት ዓመት የሞላት ሴት ደግሞ በምንም ምክንያት አትከፈትም። የቀራት አራት ወር ነው። ቶሎ የሚሆነው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ባለተራ የሆነች ሴት ራሷ መጥታ፣ ጣቷን አሳርፋ ተራዋን ብትሰጣት። ሲስተር ቤተል ወረቀቱን አትማ ሰጠቻት።

ባሏ ገዛኸኝ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ዝምተኛ። በእነዚያ አሥራ ስምንት ወራት እናቱ የልጅ ነገር ባነሡ ቁጥር ጥፋቱ የኔ ነው እያለ አፋቸውን ያስዘጋ ነበር። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበውና እከሳለሁ ብሎ ተነሣ። ማኔ እሑድ ይለፍ አለችው። እሑድ ዕቁቡ የሚሰበሰብበት ቀን ነው።

አርብና ቅዳሜ እንደ ወትሮዋ ገብታ ሠራች። የመስመሯ ሴቶች እየመጡ ተዘጋሽ ወይ፣ አይዞሽ አሏት። ዘርፌ ከምሳዋ ቆርሳ አጎረሰቻት። ማኔ ጎረሰች። እነዚህ ሴቶች አያውቁም ብላ ራሷን አሳመነች፤ ይህ የደብሪቱ ሥራ ነው፣ የደብሪቱ ብቻ። ሁለቱን ቀን በእግሯ ያቆማት ይኸው ሐሳብ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እትዬ ደብሪቱ ቤት ተሰበሰቡ። ያን ቀን ዕጣ አይወጣም፤ ከስድስቱ የቀረችው አንዲት ናት፤ አዜብ። የመጨረሻዋ ሴት ተራዋን ያለ ዕጣ ትወስዳለች፤ ዙሩን የዘጋችም እሷ ስለሆነች ድፎ ዳቦ ይዛ ትመጣለች። አዜብ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከሃያ አንድ ዓመቷ ጀምሮ ጠብቃለች። አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ጸጉሯን ተሠርታ መጥታለች። ባሏ ሸዋ ሮቢት የነበረውን ሥራ ትቶ በቀደም ጠቅልሎ ገብቷል።

እትዬ ደብሪቱ ቢላዋ አንሥተው ዳቦውን ሊቆርሱ ሲሉ ማኔ ወረቀቱን ከዳቦው አጠገብ አስቀመጠችው።

"ክንዴ ተከፍቶ አያውቅም" አለች።

ከዚያ ቀና ብላ ፊታቸውን አየች። የደነገጠ አንድ ፊት ፈለገች፤ አንድ ብቻ። ዘርፌ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሦስቱ መሬት መሬት አዩ። አዜብ የቀሚሷን ጫፍ ትነካካለች። የደነገጠ አልነበረም። ሁሉም ያውቁ ነበር።

"መቼም አንድ ቀን መታወቁ አይቀርም" አሉ እትዬ ደብሪቱ፣ ቢላዋውን እያስቀመጡ።

አልካዱም፤ ይህንንስ ይመስገኑበት። ሁሉንም ተናገሩ። ረድኤት ባገባች በሁለት ዓመቷ የባሏ ቤተሰብ ልጅ ልጅ እያሉ ያስጨንቋት ጀመር፤ ሰውየውም ልብሱን ሸክፎ ነበር፤ በስፌት ክፍል ዕቁብ ተራዋ የሚደርሰው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ማኔ መንዝ በነበረችበት ሳምንት አምስቱን ሴቶች እዚሁ ክፍል ሰብስበው፣ ልጄ ትዳሯ ሊፈርስ ነውና እባካችሁ አሉ። ማኔን ስትመለስ እኔ እለምናታለሁ አሉ። ስትመለስ ግን ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷ ከስሎ ነበር የመጣችው። ለጊዜው ተከፍተሻል ብለው፣ ዛሬ ሐዘኗን ትወጣ፣ ነገ እነግራታለሁ ሲሉ ረድኤት አረገዘች። ከዚያማ በምን አፍ ይነገራል።

"ክፋት አልነበረበትም፣ ማኔ" አለች ዘርፌ ከመስኮቱ ሳትዞር። "አርባ ሞልቶሽ ነበር። ተራው እንዳይባክን ብለን ነው።"

"እንዳይባክን" አለች ማኔ። ወደ እትዬ ደብሪቱ ዞረች። "ልጅ እንዲሰጠኝ ብለው ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ይዘውኝ ሲሄዱስ? ሦስት ቀን አብረውኝ ሲጠመቁ፣ ምን እያሉ ነበር የሚጸልዩት?"

"ይቅር እንዲለኝ" አሉ እትዬ ደብሪቱ።

"ረድኤትስ ታውቃለች?"

"ታውቃለች። ክርስትና እናት ትሁንልኝ ያለችው ለዚያ ነው። ከልጅቷ ላይ ድርሻ ይኑራት ብላ።"

የማኔ አንጀት የተቆረጠው ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ፣ ይህ ሁሉ ሆኖም፣ ሕፃኗ የእሷ መስላት ነበር። "ከዳችሁኝ" አለች። "ማክሰኞ ማክሰኞ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ሳለቅስ በሩ ላይ ቆማችሁ ጠብቃችሁኛል። ፊቴን አጥባችሁኛል። ስድስታችሁም ከዳችሁኝ።"

እትዬ ደብሪቱ እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉና እንደ ዳኛ ቀና ብለው ተቀመጡ።

"የዛሬው ተራ ለማኔ ይሁን" አሉ። "አዜብ ገና ልጅ ናት። በአዲሱ ዙር አንደኛ እናደርጋታለን።"

"ይሁን" አለች ዘርፌ ቶሎ። "ይሁን" አሉ ሦስቱ። አንድ ዳቦ ተቆርሶ እስኪታደል እንኳ አልፈጀም። ማኔ የእሷም ተራ እንዴት እንደሄደ ቁጭ ብላ አየች፤ በዚሁ ክፍል፣ በዚሁ ፍጥነት፣ በእነዚሁ አፎች ነው የሄደው። ልዩነቱ አዜብ እዚሁ መኖሯ ነው። በአዲሱ ዙር አንደኛ የሚለው የእትዬ ደብሪቱ ቃል ምን ያህል እንደሚታመን ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል።

ሁሉም አዜብን አዩዋት። "ይሁን" አለች አዜብ።

ማኔ ወደዚያ ቤት የሄደችው ልትረግማቸው፣ ዕቁቡንም ልታፈርስ ነበር። ተራ ይሰጠኛል ብላ አላሰበችም። ሲሰጣት ግን ልቧ ዘለለ፤ ይህን ከራሷ መደበቅ አልቻለችም። ውክልና የሚባል ነገር ከእንግዲህ አይኖርም፣ ነገ አዜብ ራሷ ክሊኒክ ትምጣ አለችና ዳቦውን ሳትቀምስ ወጣች። ቤት ገብታ ለገዛኸኝ ስትነግረው ደስታው ፊቱ ላይ ታየ፤ ጥቂት ቆይቶ ጠፋ።

"አዜብስ?" አላት።

"እሷም ተራዬ የተወሰደ ቀን እዚያው ነበረች" አለች ማኔ።

ሰኞ ጠዋት የሁለት ሰዓት ፈቃድ ወስደው ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አዜብ የሥራ ልብሷን ለብሳለች። ከፊታቸው ሦስት ሴቶች አሉ።

"እትዬ ማኔ" አለች አዜብ ሁለቱ ሲጨርሱ። "ያን ጊዜ ለረድኤት ሲጠይቁን እኔ ይሁን አላልኩም።"

"ምን አልሽ?"

"ዝም አልኩ። ትንሿ እኔ ነበርኩ፤ ምን እላለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ በሥራ ያሠለጠንሽኝ አንቺ ነሽ። ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ቤትሽ ደጅ ድረስ መጥቻለሁ።"

"ሦስት ጊዜ መጥተሽ ሦስት ጊዜ ተመለስሽ" አለች ማኔ።

"አዎ።"

የማኔ ስም ተጠራ፤ ሁለቱም ተነሡ። ሲስተር ቤተል ወረቀቷን አዘጋጅታ ነበር የምትጠብቃቸው። ከሐሙሱ ነገር ወዲህ ሁሉንም ራሷ በአፏ መጠየቅ ጀምራለች። የአዜብን ጣት ማሳረፊያው አጠገብ ይዛ ቆመች።

"ተራሽን የምትሰጪው በፈቃድሽ ነው?" አለቻት። "ማንም አላስገደደሽም?"

አዜብ ዞር ብላ ማኔን አየቻት። ዐይኗ ውስጥ ወቀሳ የለም፤ የምትጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ ማኔ አንድ ቃል እንድትናገር። ነርሷም ጠበቀች። በውጭ የፈረቃው ፉጨት ተሰማ፤ ሰዎች ሲሮጡ ኮቴያቸው አለፈ። ማኔ የምትለውን ታውቀዋለች። ይቅር የሚል አጭር ቃል ነው፤ አፏ ድረስ መጥቷል። አራት ወር ነው የቀራት።

"በፈቃዴ ነው" አለች አዜብ።

ማኔ ውሸት መሆኑን አወቀች። እጅጌዋን ወደ ላይ ሰብስባ ክንዷን ለነርሷ ዘረጋች።